የጃንጥላ ቤቱ ደብዳቤ የማን ነው?

ጋሼ ዓምዴ ጃንጥላ ቤታቸውን መሸጣቸውን የነገረኝ ባሌ ኡቬ ነው። እሱም ያወቀው በአራት ቁጥር ትራም ሪንግቬገን የሚባለውን ጎዳና ሲያልፍ ነው። አንድ ረጅም ስዊድናዊ መሰላል ላይ ወጥቶ የሱቁን መስታወት ይወለውላል፤ ጋሼ ዓምዴ ከታች ቆመው መሰላሉን ይዘውለታል። ኡቬ ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ እንደ ተራ ወሬ ነገረኝ። እኔ የያዝኩት ድስት ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ሰው ሱቁን ቢሸጥ አንቺን ምን አገባሽ የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል እንጂ! የአባቴ ወሬ የሚመጣልኝ በዚያ ሱቅ በኩል ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ግራዝማች ወልደ አማኑኤል ደሴ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲዳኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስለ ሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ነርስነት ተምሬ እንድመለስ ስቶክሆልም ላኩኝ። ተማርኩ፤ አልተመለስኩም። በዚያ ላይ ትራም ነጂ አገባሁ፣ ያውም ፈረንጅ፣ ያውም ሳላስፈቅድ። አባዬ ይህን ሲሰሙ በቄሱና በጎረቤቱ ፊት ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ይህች እጄ የእሷን ስም ወይም የዚያን ሰው ስም ብትጽፍ ትቆረጥ» ብለው ማሉ። እኔ የጻፍኩትም ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። አባቴ ደግሞ ሲናደዱ ምለው ሲበርድላቸው እንደሚረሱት ዓይነት ሰው አይደሉም። መሐላ ለእሳቸው ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ ቃል በቃል ይጠበቃል።

ቃል በቃል መጠበቁ ነው እኔን የጠቀመኝ። በዓመቱ ለጋሼ ዓምዴ ጃንጥላ ቤት ከደሴ አንድ ደብዳቤ መጣ። ጋሼ ዓምዴ የወሎ ልጅ ናቸው። መሐንዲስነት ሊማሩ መጥተው፣ ትምህርቱ ሲጓተትባቸው አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ሠሪ ዘንድ ገብተው ሙያውን ለመዱ፤ ሰውዬው ሲሞት ሱቁ በእጃቸው ቀረ። ደብዳቤው፣ «በስዊድን አገር ጃንጥላ የሚሠራ የአገራችን ልጅ እንዳለ ሰምተን ኮርተናል። የደሴ ዝናም እንደምታውቀው ነውና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይላክልኝ» ይላል። ከአባዬ ፊርማ በላይ ደግሞ አንዲት መስመር አለች፦ «በዚያ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ደህና ናችሁ ወይ?»

ሴቶቹም ጭምር። በዚያን ጊዜ ጋሼ ዓምዴ በስቶክሆልም የሚያውቋቸው የአገራችን ሴቶች እኔና ጓደኛዬ ሮማነወርቅ ብቻ ነበርን። ሮማነወርቅን ደግሞ ደሴ ላይ የሚያውቃት የለም። ጋሼ ዓምዴ ነገር አይጠፋቸውም፤ ጃንጥላውን ልከው፣ «ሴቶቹ ደህና ናቸው፤ አንዷ ስፖንጋ የሚባል ሰፈር ቤት ይዛለች፣ ወፈርም ብላለች» ብለው መለሱ። ወፈር ማለቴን ባይጽፉት ይሻል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ትዕዛዝ መጣ። ከዚያ ሌላ። አባዬ ለእሷ አልጽፍም ብለው ማሉ እንጂ ጃንጥላ አልገዛም ብለው አልማሉማ! ለማያውቁት ሰው ያለ ጉዳይ ደብዳቤ መጻፍ ክብራቸው አይፈቅድም፤ ነጋዴ ዘንድ ግን ሁልጊዜ ጉዳይ አለ። ከደሴ የመጣ አንድ ተማሪ እንዳጫወተን፣ የደብሩ ምእመን ግማሹ የስቶክሆልም ጃንጥላ ይዞ ነው የሚያስቀድሰው። ግራዝማች ምን ነካቸው፣ በስተርጅና ሊነግዱ ነው እንዴ እየተባሉ ይታማሉ አለን። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን አለቀስኩ፤ ኡቬ ያው እንደ ባህላቸው ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ።

እንግዲህ በፈረንጆች ስልሳ ሰባት ዓመት፣ ጥር ላይ ነፍሰ ጡር መሆኔን አወቅሁ። ጋሼ ዓምዴ ያኔ ለታዘዘ የፀሐይ ጃንጥላ መልስ እየጻፉ ነበርና ከታች፣ «ከሴቶቹ አንዷ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች» ብለው ጨመሩልኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። አባቴ ምን ይሉ ይሆን? ጃንጥላ ማዘዙን ይተዉትና ነገሩ በዚያው ያበቃ ይሆን? ወይስ አንዲት ቃል ስለ ልጁ ትመጣለች? መልሱ መንገድ ላይ እያለ ነው እንግዲህ ሱቁ የተሸጠው።

በማግስቱ ሆዴን አስቀድሜ ጋሼ ዓምዴ ዘንድ ሄድኩ። ዕቃቸውን በሣጥን ይከታሉ። መሐንዲስነቱን በማታ ትምህርት ጨርሰው ኡፕላንድስ ቬስቢ ከሚገኝ ፋብሪካ ሥራ አግኝተዋል። እንኳን ደስ ያለዎት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

«ጋሼ፣ የአባዬ ደብዳቤስ?» አልኳቸው።

«ወደ ሱቁ ይመጣል።»

«ሱቁ የእርስዎ አይደለማ!»

«አይደለም» አሉ፣ አንድ የጃንጥላ እጀታ በጨርቅ እየጠቀለሉ። «በሱቁ ስም የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ለገዢው እንዲሰጥ ፖስታ ቤት ቀርበን ተስማምተናል። እዚህ አገር ሱቅ ሲሸጥ በሩ ብቻ አይደለም የሚሸጠው፤ ስሙም፣ ደንበኛውም፣ ደብዳቤውም አብሮ ይሄዳል።»

«አባቴን ሸጥኳቸው በሉኛ!»

ጋሼ ዓምዴ ቀና ብለው አዩኝና አፈሩ። «ምላሴ አያርፍ» አሉ። «ደንበኞችህ እነማን ናቸው ሲለኝ ከኢትዮጵያ እንኳ ሳይቀር ቋሚ ደንበኛ አለኝ ብዬ ጎረርኩ። ሰውዬው ከሁሉ የወደደው እሱን ነው።»

ቆሽቴ አረረ። እኚህ ሰው ከደሴ እስከ ስቶክሆልም ሲከበሩ የኖሩት በዝምታቸው ነበር፤ አንድ ቀን አፋቸውን ቢከፍቱ የእኔን አባት ለፈረንጅ አስረከቡ። ይህንንም እዚያው ፊት ለፊት ነገርኳቸው። «እውነትሽን ነው» ብለው ዝም አሉ፤ ይኸኛው ዝምታ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

አዲሱ ባለቤት ኤክብላድ ይባላል። ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ግራጫ ሽርጥ ለብሶ፣ ጃንጥላዎቹን በርዝመት አሰልፎ፣ ሱቁን ፋርማሲ አስመስሎታል። ችግሬን አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ይህ አይካድም።

«ደብዳቤው ለእርስዎ የተጻፈ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ስምዎ በውስጡ አለ?»

«የለም። እንዳይኖር ምለዋል።»

«ታዲያ ስለ ምን ነው የሚጽፉት?»

«ስለ ጃንጥላ» አልኩ።

«ይህ ጃንጥላ ቤት ነው» አለኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ዝግ ብሎ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሰማያዊ ፋይል አውርዶ ከፈተ። የንጉሡ ቴምብር ያለበት ፖስታ እዚያው አፍንጫዬ ሥር ተቀምጧል። መጥቷል ማለት ነው! የአባዬን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅሁት፤ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቀጥ ያለ ነው። እጄን ልሰድ ስል ፋይሉን ዘጋው።

«አማርኛ ስለማላነብ ኡፕሳላ ላለ አስተርጓሚ ልልከው ነው» አለ።

«እኔ አለሁልዎ! አሁኑኑ ላንብብልዎ።»

«እርስዎ የጉዳዩ ወገን ነዎት፣ ወይዘሮ። የራሱን ጉዳይ የሚተረጉም ሰው አይታመንም። ስምዎ ያለበት ደብዳቤ ከመጣ ግን በዚያው ቀን በእጅዎ ይገባል፤ ያ የእርስዎ ነው። ይህ የሱቁ ነው።»

የሚያሳርረው ደግሞ አባቴን መምሰሉ ነው። አባዬም በወንበራቸው ላይ ሳሉ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ብድግ ብዬ ወጣሁ፣ በሩንም ላጋጨው አሰብኩ፤ ለካ ቀስ ብሎ ራሱን የሚዘጋ በር ኖሯል።

እሑድ ዕለት ሮማነወርቅ ቤት ተሰብስበን ይህን ስናገር ኃይለ ልዑል ሰማ። ኃይለ ልዑል ኢኮኖሚክስ የሚማር ልጅ ነው፤ ሁለት ሐበሻ ባየበት ሊቀመንበርና ጸሐፊ ካልመረጠ አያርፍም። «ይሄ ምን ያስቸግራል?» አለ እጁን እያሸ። «ሽማግሌ እንላካ!»

«ለጃንጥላ ሠሪ?»

«ሽማግሌ የማይፈታው ነገር አለ እንዴ? ሰውዬው ሰው አይደለም?»

ሽማግሌ ከሦስት አያንስም። አንዱ ራሱ ኃይለ ልዑል ሆነ፤ ጢሙን አሳድጎ እንኳ አልጨረሰም። ሁለተኛው ጋሼ ዓምዴ፤ ጥፋታቸው ስለከነከናቸው ሳይለመኑ እሺ አሉ። ሦስተኛ ጠፋ፤ ሁሉም ፈተና ላይ ነው። በመጨረሻ ኡቬ፣ «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ባል ለሚስቱ ጉዳይ ሽማግሌ ሲሆን ያየ የለም። ይሁን፤ የአገሩን ሰው እሱ ያውቀዋል ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ገቡ። ኃይለ ልዑል ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጋሼ ዓምዴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ኡቬ ከሥራ ስለመጣ የትራም ነጂ ልብሱን እንደለበሰ ነው። እኔ ጃንጥላ የምመርጥ መስዬ ከጥግ ቆምኩ፤ እንደዚያ ሆኜ መደበቅ ከተቻለ ማለቴ ነው።

ኤክብላድ ወንበር አሳያቸው። «የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም» አለ ኃይለ ልዑል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ኤክብላድ ይህ የሽማግሌ ልመና ወግ መሆኑን በምን ይወቀው? መቀመጥ አይፈልጉም ማለት ነው ብሎ ወንበሩን መለሰው። እሱም ሰው ቆሞ መቀመጥ ነውር መስሎት ከፊታቸው ቆመ። ኃይለ ልዑል እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመረ፦ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዘንድሮው በረዶ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ስለ መሆኑ። ኤክብላድ ለእያንዳንዱ፣ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላል።

በዚህ መሀል አንዲት አሮጊት የተሰበረ ጃንጥላ ይዘው ገቡ። ሦስት ወንዶች ተሰልፈው ቆመው አዩ። ስዊድናዊ ሰልፍ ካየ ምኑንም አይጠይቅም፤ ሄደው ከኡቬ ኋላ ቆሙ። ከእሳቸው ኋላ ሌላ ሰው ገባ፣ ቆመ። ውጭ ዝናም ነበርና ሰዉ መጣ፣ መጣ፣ ቆመ፣ ቆመ፤ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ኃይለ ልዑል ገና የሰው ልጅ ከአዳም ጀምሮ በመተሳሰብ ስለ መኖሩ እያብራራ ነው። ኤክብላድ በኃይለ ልዑል ትከሻ ላይ አሻግሮ ሰልፉን እያየ ላብ ላብ አለው።

«ይቅርታ፣ እዚህ ምንድን ነው የሚሸጠው?» አሉ አሮጊቷ ኡቬን።

ኡቬ ዞሮ በስዊድንኛው ቁርጥ አድርጎ ነገራቸው። ባለቤቴ ያቺውና፤ አባቷ እኔን ስላገባች ተቀይሟታል፤ ስሟን አልጽፍም ብሎ ምሎ በጃንጥላ ትዕዛዝ አሳቦ ደህንነቷን ይጠይቃል፤ ልትወልድ መሆኑን ሰምቷል፤ መልሱ እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ኃይለ ልዑል በአዳም ያልደረሰበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ ሆዴ። ከዚያ ወደ ኤክብላድ።

«ደብዳቤው የሱቁ ነው» አለ ኤክብላድ ፊቱ ቀልቶ። «ሕጉ እንዲያ ነው።»

«ማን ነካብዎ ሕግዎን?» አሉ አሮጊቷ። «ወረቀቱ የሱቅዎ ይሁን። እሷ ታንብበው፣ እኒህ ሰውዬ ከጎኗ ሆነው ይቆጣጠሩ» ወደ ጋሼ ዓምዴ እየጠቆሙ፣ «እኛም ምስክር እንሆናለን። እግሬን አመመኝ።»

አባቴ፣ «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ይሉ ነበር። እኔ የእግዜር ዳኛዬን በላስቲክ ቦት ጫማ ቆመው አገኘኋቸው። ኤክብላድ ጥቂት አሰበና ፋይሉን ከፈተ። ኃይለ ልዑል ወዲያው ዘፍ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጉዳዩ ተፈጽሟላ።

ደብዳቤውን በአማርኛ አንድ መስመር፣ በስዊድንኛ አንድ መስመር እያደረግኩ አነበብኩ። የፀሐይ ጃንጥላው ደርሷል፤ አንዱ ሽቦ ትንሽ ጎብጧል፣ በእጅ ተቃንቷል። የደሴ ብርድ ዘንድሮ ጨክኗል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ቀጥሎ አንድ ትንሽ ጃንጥላ ይሠራልኝ፤ ለልጅ የሚሆን። ለአሁን አይደለም፣ ልጁ ሲቆም ነው። ጨርቁ ጠንካራ ይሁን። ልጅ ዝናም ሲያይ ሸሽቶ አይገባም፣ ሮጦ ይወጣል፤ ይህን አንዷን በማሳደግ አይቼዋለሁ። በዚያ ያሉት ሴቶች ከባድ ነገር እንዳያነሡ ይነገራቸው።»

የመጨረሻውን መስመር በስዊድንኛ ማለት አቃተኝ። እሱን ጋሼ ዓምዴ ጨረሱልኝ። ልጅ ሳለሁ ሐምሌ ላይ ደጅ ወጥቼ ስበሰብስ አባዬ በጃንጥላቸው ሊይዙኝ በጭቃው ሲሯሯጡ በዓይኔ መጣ። ደስታው አንጀቴን አራሰው። አሮጊቷ መሐረባቸውን ሰጡኝ።

ኤክብላድ ግን እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ «የልጁ ቁመት ስንት ነው?» አለ።

«ገና አልተወለደም።»

«ላልተወለደ ሰው ልክ መውሰድ አይቻልም። ሲወለድ ትዕዛዙን እንቀበላለን» ብሎ ደብዳቤውን ወደ ፋይሉ መለሰ። እንደገና ተናደድኩ፤ ቢያንስ ያን ወረቀት ይዤ ልተኛበት ነበር። ለሥርዓቱ ስል ግን አልነካሁትም።

ሐምሌ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ኡቬ ቢርጊታ እንበላት አለ፤ እኔ ስም አያት ነው የሚያወጣው ብዬ እምቢ አልኩ። የትኛው አያት ብሎ አልጠየቀኝም፣ ጨዋ ነው። ለጊዜው ሚጣ እያልን ጠራናት።

ኤክብላድ መወለዷን ሲሰማ ትዕዛዙን ተቀበለ፤ ለግራዝማች የሚላከውንም መልስ ጋሼ ዓምዴ በአማርኛ እንዲጽፉለት ጠራቸው። እኔ ሚጣን ታቅፌ አብሬ ሄድኩ። ሱቁ መሸጡንና አዲሱ ባለቤት ማን እንደሆነ አስጻፈ። ልጅቷ ሴት መሆኗን፣ ጤነኛ መሆኗን፣ የጨርቁንም ቀለም አስጻፈ። እስከዚህ መልካም ነው። ከዚያ፣ «ከእጀታው ሥር ባለው የብር ቀለበት ላይ የሚቀረጸውን የልጅቷን ስም፣ የአባቷንና የእናቷን ስም ደንበኛው በጽሑፍ ይላኩልን» አለ።

ክው አልኩ። «ይሄ አይጻፍ!» አልኩት። «አባቴ የእኛን ስም አይጽፉም። ነግሬዎታለሁ፣ ምለዋል! ይህን ከጠየቋቸው ትዕዛዙን ይሰርዙታል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የሚባል አይመጣም። ያለችኝን አንዲት ክር ሊበጥሱብኝ ነው?»

«ልጆች ጃንጥላቸውን ትራም ላይ ይረሳሉ» አለ። «የወላጅ ስም ከሌለው አይመለስም። ስም የሌለው የልጅ ጃንጥላ ከዚህ ሱቅ አይወጣም።»

«እኔ ልንገርዎት ስሙን!»

«ያዘዙት እርስዎ አይደሉም።»

ጋሼ ዓምዴን አየኋቸው። እሳቸው ብዕራቸውን ነክረው ጻፉት። አዎ፣ ጻፉት! ከዚያን ቀን ወዲያ ለእሳቸው ሰላምታም ነፈግኳቸው። ኤክብላድ ያን ያደረገው ለደንቡ ብሎ ይሁን ወይስ ከዚያ ግራጫ ሽርጥ ሥር ሌላ ነገር ኖሮት፣ እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ብጠይቀውም የሚነግረኝ አይመስለኝም።

ነሐሴ አለቀ፤ ከደሴ ምንም የለም። በነሐሴ መጨረሻ እሑድ አገሩ በሙሉ የመኪና መንጃውን ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ትራሙ ቀረና ኡቬ አውቶቡስ ላይ ወጣ፤ ቤት ውስጥ እንኳ በቀኝ በኩል መሄድ ለመደ። ሰዉ መንገድ ለመሻገር እንደ ሕፃን እጅ ለእጅ ይያያዛል። እኔ ግን ደብዳቤ እንጂ ሌላ አይታየኝም። ሚጣን እያጠባሁ፣ በቃ ጠፉብኝ እላለሁ። ኡቬ ያው ውሃ ያመጣልኛል።

ከዘመን መለወጫ በኋላ አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ደንበኛችን መልሰዋል» አለ ኤክብላድ፣ ሌላ አልጨመረም። ሚጣን በጋሪ አድርጌ በባቡር ከስፖንጋ መጣሁ። ሪንግቬገንን ስሻገር የማየው በተሳሳተው በኩል ኖሮ የመኪና ጡሩምባ አንባረቀብኝ። ጋሼ ዓምዴ ከሥራቸው አስፈቅደው ቀድመውኛል። ኡቬም አውቶቡሱን ለሌላ አስረክቦ መጣ።

ኤክብላድ ፋይሉን ገልጦ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አጎንብሼ አነበብኩት። ለአዲሱ ነጋዴ ሰላምታ፣ መልካም ንግድ ይሁንልህ የሚል ምርቃት። ጨርቁ ሰማያዊ ይሁን። ከዚያ፦

«በቀለበቱ ላይ የሚቀረጸው፦ ካሳነሽ ኡቬ። እናቷ፦ ጽጌ ወልደ አማኑኤል።»

ካሳነሽ። ዳኛ አይደሉ? ለጠፋባቸው ልጅ ካሳ አስከፈሉኝ። እሱን አንብቤ ልስቅ ስል ዓይኔ ጽሕፈቱ ላይ ቀረ። ደብዳቤው ሁሉ ያው የአባዬ ጽሕፈት ነው፣ ቀጥ ያለ። «ካሳነሽ» የምትለውም ቀጥ ብላለች፤ በእሷ ላይ መሐላ የለም። «ኡቬ» የምትለው ግን ተንጋዳለች፣ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቀለሙ ተንጠባጥቧል፤ ገና ሀሁ የጀመረ ልጅ የጻፋት ነው የምትመስለው። «ጽጌ»ም እንዲሁ። ከእሷ ቀጥሎ የራሳቸው ስም፣ «ወልደ አማኑኤል»፣ እንደገና ቀጥ ብሏል።

«እነዚህን ሁለት ቃላት ሌላ ሰው ነው የጻፋቸው?» አለ ኤክብላድ፣ ጣቱን ሳያስነካ እየጠቆመ።

«አይደለም» አልኩት። «ራሳቸው ናቸው። የማሉት በቀኝ እጃቸው ነው።»

ኡቬ ከኋላዬ ሆኖ ነገሩ ሲገባው ቀስ ብሎ ሳቀ። «አገሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር አባትሽ ወደ ግራ ዞሩ» አለ። ጋሼ ዓምዴም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አፍንጫዬንም ዓይኔንም አላውቃቸውም። አባቴ፣ ያን የሚያህል ዳኛ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብዕሩን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውሩ ታዩኝ፤ አንድ ጊዜ ለባሌ፣ አንድ ጊዜ ለእኔ።

ኤክብላድ እስክጨርስ ጠበቀ። «ስምዎ የትኛው ነው?» አለኝ። አሳየሁት። ስስ ወረቀት አውጥቶ ትዕዛዙን በእርሳስ ገለበጠው፣ አንድም ፊደል ሳያውቅ እየተከተለ። ከዚያ ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቶ አጠፈና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ስምዎ ያለበት የእርስዎ ነው ብዬዎት ነበር» አለ።

ለጋሼ ዓምዴም ያን ቀን ሰላምታዬን መለስኩላቸው። ኡቬ ሚጣን ከጋሪዋ አነሣና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካሳነሽ አላት፤ አጠራሩ እስከ ዛሬ አልተቃናለትም።

ጃንጥላው ለገና ደረሰ። ሰማያዊ ነው፣ ጨርቁ ጠንካራ ነው። ኤክብላድ ቀለበቱን የቀረጸው ደንበኛው እንደ ጻፉት ነው፣ ምንም አላቃናም። «ካሳነሽ» ቀጥ ብላለች፤ «ኡቬ» እና «ጽጌ» ተንጋደዋል።